የቀላል አረር ፎርማ

ፍቅርአዲስ ወደ ጦር መሣሪያ ሱቁ ስትገባ ደስ ብሏት ነበር። ከሮተርዳም፣ ከዴልፍስሃቨን እስከ ዴን ሃግ በባቡር፣ ከዚያም ስኪልደርስዋይክ የሚባለውን ሰፈር አቋርጣ በትራም የመጣችው ያዘዘችውን ዕቃ ልትወስድ ነው። ዕቃው የአረር ፎርማ ነው፤ እንደ ጉጠት ሁለት እጀታ ያለው፣ የቀለጠ እርሳስ ሲፈስበት አረር ቀርጾ የሚያወጣ ብረት።

ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሆላንዳዊ ነው። ኮምፒውተሩን አየና ፊቱን ቋጠረ።

«ሜፍራው» አላት፤ እመቤት ማለቱ ነው። «ይሄ ትዕዛዝ እኮ ተሰርዟል።»

«ማን ሰረዘው?»

«ባለቤትዎ ደውለው ነበር። እጅዎ ስለተጎዳ ተኩስ አቁመዋል አሉኝ። ጠመንጃዎንም የሚገዛ ሰው እንዳለ ጠይቀውኛል።»

ባሏ ሊባኖስ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል።

«ባሌ ሞቷል» አለችው። «የደወለው ሰው ስሙን ተናግሯል?»

ሻጩ ደነገጠ። «ሜኔር ዘገየ ነኝ ነው ያሉኝ።»

ጋሽ ዘገየ! የሊባኖስ የቅርብ ጓደኛ፣ የሠርጋቸውም ሚዜ። ሁለቱ ወንዶች ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ባለ የተኩስ ክለብ አብረው ኢላማ ይተኩሱ ነበር። ሊባኖስ ሲሞት ሁለት መሣሪያ ትቶ ሄደ፤ አንድ ስድስት ጥይት የሚጎርስ ሪቮልቨር ሽጉጥና አንድ ጠመንጃ። ሁለቱም አፈ ሰፊ ናቸው፣ አንድ ዓይነት ጥይት ይጋራሉ። ሰዉ ሁሉ ትሸጣቸዋለች ሲል እሷ ግን ክለቡ ገባች፣ ተማረች፣ ተፈተነች፣ ፖሊስ የሚሰጠውን የመሣሪያ ፈቃድ፣ ፈርሎፍ፣ በገዛ ስሟ አወጣች። ሳምንቱን ሙሉ በታውስዞርግ፣ በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራዋ፣ የአረጋውያንን ቤት ስታንኳኳ፣ ሰው ስታነሳና ስታጥብ ትውላለች። ቅዳሜ ኢላማው ፊት ስትቆም ግን ማንም አይጠራትም፣ ማንም አይፈልጋትም። ያቺን ሰዓት ትወዳታለች።

ባለፈው ክረምት በረዶ ላይ ከብስክሌት ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሲድን እጇን የሚያክማት ፊዚዮቴራፒስት፣ «መተኮስ ትችያለሽ፣ ብቻ መሣሪያሽ በኃይል የሚራገጥ አይሁን» አላት። ጋሽ ዘገየ በራሳቸው ፎርማ የሚያወጡላት አረር ደግሞ እጅግ ከባድ ነው፤ አረሩ በከበደ ቁጥር ምቱ ወደ እጅ ይመለሳል። ስለዚህ ለራሷ ቀላል አረር የሚያወጣ ፎርማ መርጣ አዘዘች። ለጋሽ ዘገየም ፎቶውን እያሳየች በደስታ ነገረቻቸው። የነገረቻቸው ለምክር እንጂ ለውሳኔ አልነበረም።

ሻጩ ይቅርታ ጠየቃት። ቀጥሎም፣ «እንደገና ከማዘዝዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለሪቮልቨሩ ብቻ ነው?» አላት።

«ለሁለቱም ነው።»

ከመሳቢያ ሁለት አረሮች አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። አንደኛው አጭርና እንደ ጉቶ የተቆረጠ ነው። «ያዘዙት ይሄንን ነው። ሪቮልቨሩን በእጅዎ ስለሚያጎርሱት ችግር የለውም። ጠመንጃው ግን ጥይቱን ከሥር አንስቶ ነው የሚያስገባው፤ እንዲህ ያጠረ ሲሆን ያጋድልና ይቀረቀራል። ሁለተኛውም ቀላል ነው፣ ግን አፍንጫው ረዘም፣ ትከሻው ክብ ይላል።»

«ጫፉስ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ?»

«በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ጥይቶች አፍንጫና ጀርባ ሆነው ነው የሚደረደሩት። ሹል ከሆነ የፊተኛውን ጥይት ቀስቃሽ ወግቶ እዚያው ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል።»

ፍቅርአዲስ ሁለቱን እያገላበጠች አየቻቸው። ሁለተኛውን መረጠች። ፎርማው እዚያው ስለነበረ ይዛው ወጣች።

ወደ ቤት አልሄደችም። ልጇ ረሆቦት ከጣቢያው በመኪና ተቀብላት በቀጥታ ወደ ጋሽ ዘገየ ፎልክስታውን ወሰደቻት፤ ከተማው ለነዋሪ የሚያከራየው ትንሽ የአትክልት ቦታ ነው። ጋሽ ዘገየ ጎመን እየኮተኮቱ ነበር።

«ጋሽ ዘገየ» አለች ፍቅርአዲስ፣ ሰላምታ ሳትሰጥ። «የተጋባነው መቼ ነው?»

ቀና አሉ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ባለቤትዎ ደውለው ሰረዙት አለኝ ሰውየው።»

«እሱ ነው እንደዚያ የተረዳው። እኔ ባሏ ነኝ አላልኩም።»

«አይደለሁምስ ብለዋል?»

ጋሽ ዘገየ መኮትኮቻውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። «ለአንቺው ብዬ ነው። እጅሽ ገና ነው። ሊባኖስም አደራ ብሎኛል። ደግሞ ቀላል አረር የልጅ ጨዋታ ነው፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከባዱ ነው የሚያምርበት። ካልቻልሽው ብታቆሚ ምን ነውር አለው?»

«እጄን ያየው ሐኪም ነው፤ ተኩሺ ብሎኛል። እርስዎ ከሐኪም በላይ ነዎት?» አንድ እርምጃ ቀረበች። «ጠመንጃዬንስ ለማን ሊሸጡት ነበር?»

«የክለባችን አባል ዘአማኑኤል ይፈልገዋል። ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ሰው እጅ ይግባ ብዬ…»

«የእኔ እጅ የሰው እጅ አይደለም?»

ረሆቦት ከኋላ ሆና፣ «ጋሽ ዘገየ፣ አንተ ብትታመም እማዬ ሳትነግርህ መኪናህን ብታሻሽጥ ደስ ይልሃል?» አለች። እዚህ ያደገች ልጅ ናት፤ አንቱታ አይሆንላትም። ሌላ ቀን ቢሆን እናቷ ትገስጻት ነበር። ዛሬ ግን ተወቻት።

ጋሽ ዘገየ በእጇ የያዘችውን ፎርማ አዩት። «ይሄ ያሳየሽኝ አይደለም።»

«የመጀመሪያው ጠመንጃው ውስጥ ይቀረቀራል ብሎኝ ለወጥኩት።»

ፊታቸው በራ። «አየሽ! ባልሰርዘው ኖሮ የማይሆነውን ይዘሽ መጥተሽ ነበር።»

ይሄኔ ነው ፍቅርአዲስ የጮኸችው። «ታዲያ ላመስግንዎት? ብሳሳት ስሕተቱ የኔ ነው፣ መልሼ የምለውጠውም እኔ ነኝ! እርስዎ ስለ አረሩ አንድ ቃል አልተናገሩም። ‹እሷ አቁማለች› ነው ያሉት። አላቆምኩም!» ስልኳን አውጥታ ዘረጋችላቸው። «አሁን ይደውሉ። እኔ እየሰማሁ፣ እውነቱን ይንገሩት።»

«ፍቅርአዲስ፣ በዚህ ዕድሜዬ አታዋርጂኝ።»

«እኔ ሱቅ መሐል ቆሜ ስዋረድ ዕድሜዬ ስንት ነው ብለው ነበር?»

ጎረቤት አትክልተኞች ዞረው ማየት ጀምረዋል። ጋሽ ዘገየ ስልኩን ተቀበሉ። በተሰባበረ ሆላንድኛ፣ ላብ ግንባራቸው ላይ እየወጣ፣ «ዘገየ ነኝ። የሜፍራው ፍቅርአዲስ ባል አይደለሁም። የሰረዝኩት ሳላስፈቅዳት ነው። ጠመንጃውም አይሸጥም» አሉ።

«ገብቶኛል፣ ሜኔር» ብሎ ሻጩ ዘጋ።

ይህ የሚያረካት መስሏት ነበር። በመንገድ ሁሉ ግን ንዴቱ አልበረደላትም፤ ረሆቦት ሬዲዮ ስትከፍት ወዲያው አስጠፋቻት።

ከዚያ በኋላ አረሯን እንደ ድሮው በጋሽ ዘገየ አትክልት ቦታ ባለው ጎጆ አላስፈሰሰችም። ክለቡ ጓሮ ውስጥ ጭሱ እንዲወጣ ዙሪያው ክፍት የሆነ ዳስ አለ፤ እዚያ እርሳሱን አቀለጠች። መጀመሪያ የወጡት ፎርማው ገና ስላልጋለ ተጨማደዱ፤ መልሳ ድስቱ ውስጥ ጣለቻቸው። ብረቱ ሲግል እያብለጨለጩ አንድ በአንድ ይወድቁላት ጀመር።

በቀላሉ አረር ለመጀመሪያ ጊዜ የተኮሰች ቅዳሜ ጋሽ ዘገየም ክለቡ ውስጥ ነበሩ። ሪቮልቨሩ እጇን ገፋ አደረጋት እንጂ አልመታትም። ኢላማውን ስታይ ግን ምቶቹ በሙሉ ከመሐሉ ወርደዋል።

«ዝቅ ይል…» ብለው ጀመሩ ጋሽ ዘገየ ከኋላዋ።

ሳትዞር እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። ቀላል አረር ዝቅ ብሎ እንደሚመታ አንብባለች፤ የኋላውን ማነጣጠሪያ በመፍቻ ከፍ አደረገችው። ቀጣዮቹ መሐሉን አገኙት። ጠመንጃውንም አጎረሰችው፤ እጀታውን ወደ ታች ሳበች፣ መለሰች፣ ተኮሰች። አንዱም አልተቀረቀረም። አንጓዋን አሻሸችው፤ ሕመም የለም።

ዕቃዋን ስትሰበስብ ጋሽ ዘገየ ቀረብ አሉ። «ፈቃድሽ ከሆነ ከዚህ አረር ትንሽ ልሞክር?»

ፍቅርአዲስ ቀና ብላ አየቻቸው። አርጅተዋል። ያሳዝናሉ፤ እሷ ግን ንዴቱ ገና አልወጣላትም።

«ዛሬ አልፈቅድም፣ ጋሽ ዘገየ።»

«እሺ» አሉና ወደ ራሳቸው የተኩስ መደብ ሄዱ። እሷም የጠመንጃውን ሳጥን ዘግታ ቆለፈች።