ለብቻ የመብረር ዝንባሌ

ጋምቤላ ክልል በሆነች በሦስተኛው ዓመት ቪዲዮ ቤት የከፈትኩት እኔ አልማዜ እንዲህ ያለ ደረቅ ፊልም አይቼ አላውቅም። የካሴቱ ሽፋን ላይ ካባ የለበሰ ጎረምሳ ደመና ሰንጥቆ ሲበር ይታያል። በዚያ ተታለን ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ውስጡስ? ስብሰባ! ጎረምሳው አንዴ በርሮ ከሚፈርስ ድልድይ ላይ ሰው አወጣና፣ ከዚያ ወዲያ ክራቫት ባሰሩ ሽማግሌዎች ፊት ቁጭ። አንድ ሰዓት ሙሉ ወሬ።

«ይብረር! ይብረር!» ሰዉ አግዳሚውን ይደበድባል።

ማይክ ይዞ ፊልሙን በአማርኛ የሚያስተረጉምልኝ ኦቻንግ ነበር። እንግሊዝኛውን ሱዳን፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው የተማረው። በሥራ ቀን የአንድ ቢሮ ጊዜያዊ አስተርጓሚ ነው፤ ቋሚ ሊሆን ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። እናቱ እማማ አኳይ ለዚህ ስንት እሑድ እንደጸለዩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ፊት ወንበር ላይ የቢሮው ኃላፊ አቶ ኦጁሉ ተቀምጠዋል። ያስቀመጥኳቸው እኔው ነኝ። የቤቴ ፈቃድ የሚታደሰው በእሳቸው ፊርማ ነዋ!

«ሽማግሌዎቹ ይጠይቁታል፣ እሱም ይመልሳል» ይላል ኦቻንግ። ቀዝቃዛ! ሄድኩና ጆሮው ሥር፣ «አንተ ልጅ፣ ቤቴን ልታዘጋው ነው? ሰው በሚያውቀው ንገራቸው እንጂ!» አልኩት።

«በምን ልንገራቸው፣ እትዬ አልማዜ?»

«ግምገማ ነው በላቸዋ!»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ኦቻንግ ጉሮሮውን ጠረገ። ራሰ በራው ሰብሳቢ አፉን ሲከፍት፣ «ያለ መመሪያ በርረሃል። ለብቻህ የመብረር ዝንባሌ ይታይብሃል!» አለ። ጎረምሳው ሲመልስ ደግሞ፣ «ሕዝብ ማዳኔን እንደ ድክመት እወስደዋለሁ።»

ኧረ ሳቅ! አንዱ ከአግዳሚ ወደቀ። አቶ ኦጁሉ ብቻ አልሳቁም። ለካ ሐሙስ ዕለት ግምገማ መርተው፣ አንዱን ሠራተኛ «ለብቻህ የመሮጥ ዝንባሌ አለብህ» ብለው አባረውታል። ያስተረጎመላቸው ኦቻንግ ነው፤ ቃሉ አፉ ላይ ቀርቶ ነው እንጂ ክፋት አላሰበም። አቶ ኦጁሉ ደግሞ እንደ ፊልሙ ሰብሳቢ ራሰ በራ ናቸው።

ሰኞ ኦቻንግ ራሱ ለግምገማ ቀረበ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው ተብሎ አማርኛ የማይሰሙ የቀበሌ ሽማግሌዎች ተጠርተዋል። እንደነሱ አማርኛ የማይሰሙት እማማ አኳይም ልጃቸው ከአለቆቹ ጋር ፊት ለፊት ሲቆም አይተው፣ ቋሚ የሚሆንበት ቀን መስሏቸው ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል።

«አስተርጓሚው የታለ?» አሉ አቶ ኦጁሉ።

«የሚገመገመው እሱ ነው» አለ ጸሐፊው።

«ታዲያ አፉን አመመው? ያስተርጉም!»

እኔም ምስክር ተብዬ ተጠርቼ እዚያው ነበርኩ፤ ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ አኙዋክኛ እሰማለሁ። «ግለሰቡ አለቃውን ይንቃል» አሉ፤ አስተረጎመ። «ግለሰቡ መንግሥት ያጎረሰውን እጅ ነክሷል» አሉ፤ አንድ ቃል ሳያጎድል አስተረጎመ። ግለሰቡ ማን እንደሆነ ግን ማንም ስም አልጠራም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ አልማዜ፣ እንዲህ በል ብሎ ያዘዘው ሰው ነበር?»

ኦቻንግ አየኝ። አልለመነኝም፤ ጠበቀ ብቻ።

«እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ፣ ጌታዬ!» አልኩ። ፈቃዴን ፈርቼ ነው። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ይህንንም ለሽማግሌዎቹ አስተረጎመላቸው።

«ግለሰቡ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብቷል።»

አስተረጎመ። እማማ አኳይ ከተቀመጡበት ተነሥተው ጮክ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ።

«እናታችን ምን አሉ?» ሲሉ ጠየቁት አቶ ኦጁሉ። እሳቸው እኮ የአኙዋክ ልጅ ናቸው፤ በደንብ ሰምተዋቸዋል! የጠየቁት ቃለ ጉባኤው የሚያዘው በአማርኛ ስለሆነ ነው አሉ።

«'ይሄ ባለጌ የማን ልጅ ነው? እናት የለውም ወይ?' ይላሉ።»

የገባው ሳቀ።

«መልስላቸዋ!»

ነገራቸው። ግለሰቡ እሱ ራሱ መሆኑን በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ዓይናቸውን እያየ ነገራቸው። እሳቸው ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው ጎንበስ አሉና የሆነ ነገር ተናገሩ። ኦቻንግ ወደ ሰብሳቢው ዞረ።

«'አልሰማሁም' ይላሉ» አለ።

«ድገምላቸው።»