የቁርቁራው ውታፍ

«ፔጆዋ ቆማ ስትሠራ ሚኒሞው እንዴት ሆነ?»

«እንደረጋ ውሃ።»

«ፍሬኑስ?»

መካኒኩ ሐጅ ሰይፍ ለሾፌሩ ምን ብሎ እንደመለሰለት አሁን በደንብ አላስታውስም። «ቀስ ብለህ ውረድ» ያለው ይመስለኛል። «አላህ አለ» ብሎትም ሊሆን ይችላል። ሃያ ሁለት ዓመት አለፈው። ያኔ መካኒክ አልነበርኩም። ከሰንዓ በስተደቡብ ባለችው የሪም ከተማ፣ ከሐጅ ሰይፍ ጋራዥ ጎን በርና መስኮት የምሠራ አናጢ ነበርኩ። የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ስለነበር ወሬያቸው ሳልፈልገው ጆሮዬ ይገባል። የዚያን ቀን ጠዋት ሐጅ ሰይፍ አፉን ወደ ቆርቆሮው ቀዳዳ አስጠግቶ፣ «ጎረቤት፣ አውራ ጣት የምታህል ውታፍ ጥረብልኝ እስቲ፤ ጠንካራ እንጨት ይሁን» ብሎኝ ነበር። ከቁርቁራ ጠረብኩለት። ምን እንደሚደፍንባት አልጠየቅኩም።

ያቺ ፔጆ ዘጠኝ ሰው ጭና በሱማራ ቁልቁለት ወርዳ አልተመለሰችም። ሬሳ ሊያወጡ ከወረዱት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከተጨፈለቀው ሞተር አንድ የጎማ ቱቦ ተንጠልጥሎ አየሁ፤ ጫፉ ላይ የእኔ ውታፍ። ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሐጅ ሰይፍም በዓመቱ ሞተ፤ አላህ ይማረው። እኔ አናጢነቱን ትቼ የሞተር ድምፅ ማዳመጥ ጀመርኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም።

ባለፈው ሐሙስ ከዙህር ሶላት ስመለስ ሾፌሩ ሙቅቢል ፔጆውን ከጋራዤ በር ላይ አቁሞ ጠበቀኝ። ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፤ መስታወቷ ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ይንገጫገጫል።

«አቡ ነጂብ፣ ቶሎ በልልኝ፤ ተራዬ ደርሷል» አለኝ። «ሰው ሞልቶልኝ ነበር። ግን እንዲህ ስትንዘፈዘፍ ሲያዩ ሴቶቹ ‹ይቺማ መቃብር ነው የምታደርሰን› እያሉ ይወርዱብኛል።»

«ሴቶቹ ከአንተ ይሻላሉ።»

«ሚኒሞዋን ከፍ አድርግልኝና ልሂድ። ሁሉም የሚያደርገው እንደሱ ነው።»

«ሁሉም ጉንጩን በጫት ወጥሮ ነው የሚሠራው። ቆይ።»

ቢስሚላህ ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። የካንዴላ ገመዶቹን በደረቅ ጨርቅ ይዤ አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ በእያንዳንዱ ሞተሩ እኩል ደከመ። አራቱም ይሠራሉ ማለት ነው። ካርቡራቶሩ ሥር ውሃ ረጨሁ፤ ድምፁ አልተለወጠም፤ በዚያ በኩል አየር አይገባም። ከዚያም አንድ ቁራጭ ቱቦ ጆሮዬ ላይ ደግኜ፣ «ፍሬን ርገጥ» አልኩት። ሲረግጥ ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ፤ ከፔዳሉ ፊት ለፊት እንደ እባብ ሲስ የሚል ድምፅ ተሰማኝ።

ፍሬኑን ወደሚያግዘው ክብ ቆርቆሮ የሚሄደውን ቱቦ በፒንሳ ቆንጥጬ ያዝኩ። መንቀጥቀጡ ቆመ። መስታወቱ ዝም አለ።

ሙቅቢል ዘሎ ወረደ። «ይኸው ዳነች! እጅህ ይባረክ! በቃ እዚያው ላይ ድፈናት!»

ፒንሳውን ለቀቅኩት፤ መንዘፍዘፏ ተመለሰ።

«ሞተርህ ጤነኛ ነው። እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ጎማ ተቀዷል፤ አየር የሚያስገባው እሱ ነው። ቱቦውን ብደፍነው ሚኒሞው ይረጋል፤ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ይሆንብሃል። ጎማው ከሰንዓ እስኪመጣ ሦስት ቀን።»

«እግሬ የግመል እግር ነው፤ እረግጠዋለሁ።»

«ዘጠኝ ሰው ጭነህ? በሱማራ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት የወረድኩበት ነው! አንተ ሰውዬ፣ ስታረጅ ፈሪ ሆንክ እንዴ? ውታፍ ብቻ ስጠኝ፤ ራሴ እከተዋለሁ።»

ውታፍ ሲል እጄ ኪሴ ገባ። እውነቱን ብደብቀው መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች አንዱ ይደፍንለታል፤ ከዐሥር ሰዓት በፊት ቁልቁለቱ ላይ ነው። ብናገር ደግሞ፣ የዚያን ጊዜው ሾፌር ሒዛም የሙቅቢል እናት ወንድም ነው። እዚህ አገር ደም አያረጅም።

አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል።

«ይኼው አለህ!» ብሎ ሳቀ።

«ከአጎትህ ከሒዛም መኪና የነቀልኩት ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «አጎቴን የገደለው ፍጥነት ነው። ሰው ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነው።»

«ሰው እንደዚያ የሚለው እኔ ዝም ስላልኩ ነው።»

«ማን ጠረበው?»

«እኔ።»

ከመናኸሪያው የኢብ ከተማ መስመር ተራ አስከባሪው ይጮሃል፦ «ሙቅቢል! ኢብ! ኢብ! የት ገባህ አንተ ሌባ፣ ሰው ፀሐይ በላው!»

የሙቅቢል እጅ ወገቡ ላይ ወዳለው ጩቤ ሄዶ እዚያው ቆየ። እኔም እንደሚሞት ሰው በልቤ ሸሃዳዬን ያዝኩ፤ አልሸሸሁም። መኪናዋ በመካከላችን ትንዘፈዘፋለች። ከዚያ ሙቅቢል በመስኮቷ ጎንበስ አለና ሞተሩን አጠፋ።

«ውታፉን ለእናቴ እወስድላታለሁ» አለ። «ይቅርታም ይሁን ደም፣ ከዚያ በኋላ የምትለው የእሷ ነው።»

«ሐቋ ነው።»

«መኪናዋንም አንተ አትነካትም። ገፍተን ሌላ ጋ እንወስዳታለን።»

«ይሁን። ጎማው እስኪቀየር ግን አትነዳትም?»

ቀና ብሎ አላየኝም።

«አልነዳትም፣ ወላሂ። ተራዬን ለቃሲም እሰጣለሁ፤ ሰዎቹን ራሴ አወርዳቸዋለሁ።»