ስምንት አምፖል ያለው ሳጥን

«ኧረ በናትሽ ልቀቂው! ከማገዶ በቀር ምን ይሆናል?» አለ ታናሽ ወንድሟ፣ የእንጨት ሳጥኑን አንድ ጫፍ ይዞ ወደ ቆሻሻው ክምር እየጎተተ።

ሽቦ ሌላውን ጫፍ ይዛ ሙጭጭ አለች። በቅጥነቷ እየቀለደ ይህን ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ ሳጥኑንም የሠራው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱው ነው። የኮምፒውተር ጥገና ሱቃቸውን ዛሬ ወደ ጠባብ ክፍል ሊያዛውሩ፣ የጭነት መኪናው ደጅ ቆሟል።

ሳጥኑ ውስጥ ስምንት የመኪና መብራት አምፖሎች ተደርድረዋል። አባቷ የጠገነውን ፓወር ሰፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ዕቃ፣ ከአምፖሎቹ ጋር አገናኝቶ ክዳኑን ይዘጋል። አምፖሎቹ ኃይሉን ይመጥጡታል፣ መልሰው ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ያግሉታል። እሱ ሳጥኑ ላይ ጉብ ብሎ፣ ይጠፋ እንደሆነ ሙሉ ሰዓት ይጠብቃል። «ጠዋት ጠዋትማ ማን ይሰንፋል? እስቲ ቀትር ላይ ልየው» ይል ነበር። ሽቦ በዝናብ በስብሳ ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ ካልሲዋን ክዳኑ ላይ አስጥታ፣ ጎኑ ተለጥፋ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። የሞቀው እንጨት ሽታ ዛሬም አፍንጫዋ ላይ አለ። አባቷ ናፈቃት።

በዚህ መሃል የሕንፃ ንድፍ የሚሠራው ደንበኛቸው ኮምፒውተሩን ታቅፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

«ትናንት የቀየራችሁልኝ ፓወር ሰፕላይ ጉድ ሠራኝ! ጠዋት ደህና ነው፤ ቀን የጣሪያዬ ቆርቆሮ ሲግል ድርግም። ነገ ንድፉን ካላስረከብኩ ሥራውን ለሌላ ይሰጡብኛል።»

«ፈትኜዋለሁ እኮ» አለ ወንድሟ።

«ስንት ደቂቃ?» አለች ሽቦ።

«ሁለት።»

«ምን አሸክመኸው?»

«አንዲት ትንሽ ማራገቢያ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ሽቦ ፓወር ሰፕላዩን ከኮምፒውተሩ ፈትታ ሳጥኑ ውስጥ ከአምፖሎቹ ጋር አገናኘችው፤ ክዳኑንም ዘጋች። የሳጥኑ ቴርሞሜትር አርባ ዲግሪ ሲያሳይ ምንም አልሆነም፤ ወንድሟ ሰዓቱን እያየ ተቁነጠነጠ። ሙቀቱ ሃምሳ በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በክዳኑ ስንጥቅ የሚወጣው የስምንቱ አምፖሎች ብርሃን በአንዴ ጠፋ።

«አምስት መቶ ዋት ይላል እኮ ላዩ ላይ!» አለ ወንድሟ።

«ላዩ ላይማ ይላል» አለች።

ከመደርደሪያ አንድ ከባድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ አውርዳ ተካችበት። ይሄኛው በሃምሳ ዲግሪ ሙሉ ሰዓት ሳይጠፋ ቆየ። ኮምፒውተሩ ላይ ገጠመችለት፣ ደንበኛው እየመረቃት ወጣ። እሷም ክዳኑ ላይ፣ አባቷ በየፈተናው በእርሳስ ከጻፋቸው ቁጥሮች ሥር፣ የዛሬውን ዲግሪና ደቂቃ ጻፈች።

መኪናው ሲሞላ ወንድሟ ከጭነቱ ላይ ሆኖ ጮኸ፦ «ወይ ሳጥኑ ወይ ወንበርሽ! ለሁለቱ ቦታ የለም።»

ወንበሩ የሚሽከረከር ነው፤ በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችው፣ ለወገቧ ህመም ባለውለታዋ።

«ወንበሩን አውርደው።»

«አዲሱ ቤት ምን ላይ ልትቀመጪ ነው ታዲያ?»

ሽቦ ሄዳ ሳጥኑ ላይ ጉብ አለች። ክዳኑ ገና ሙቅ ነበር።