ከጨንቻ የወረደው ቁም ሳጥን

መምህር ተክለጻድቅ ሰርተፍኬቱ ሳይመጣ ሚስማሩን መቱት። ሳሎን ውስጥ፣ ከልጃቸው ከማህደር የምረቃ ፎቶ ጎን መቱትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አዩት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማራኪ ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

"ደግሞ እዚያ ላይ ምን ሊሰቀል ነው?" አሉ።

"ይመጣል። ስድስት ሳምንት ብቻ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክለጻድቅ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ከደብረ ማርቆስ አርባ ምንጭ ተመድበው ሲመጡ የያዙት ዲፕሎማ ነበር፤ በሁለት ሺህ አምስት ጡረታ ሲወጡም የያዙት እሱኑ ነው። በመካከሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። የከተማው ጸሐፊ፣ ነርስና ሹፌር ግማሹ ዓመተ ምሕረት የሸመደደው ከሳቸው ነው። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ግን ዲግሪ የጫኑ ልጆች መጡና አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን ወሰዱባቸው፤ እሳቸው ወደ ዘጠነኛ ወረዱ። ከወሰዱባቸው አንዱማ ራሳቸው ያስተማሩት ልጅ ነው። "መመሪያ ነው፣ ምን ይደረጋል" ይሉ ነበር በአፋቸው። ከሆዳቸው ግን አልወጣም። ስለዚህ በሁለት ሺህ ስምንት ማህደር ከሐዋሳ መጥታ ያረጀ ላፕቶፗን ስትተውላቸውና "አባዬ፣ በኢንተርኔት በነጻ የታሪክ ኮርስ የሚሰጡ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ካለፍክ ሰርተፍኬት ይልካሉ" ስትላቸው፣ ጆሯቸው ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ነገር ብቻ ነበር።

ኮርሱ ስለ ተራ ሰዎች ታሪክ ነው። አስተማሪዋ ጸጉሯ ነጭ የሆነ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ፈረንጅ ናት። ቀስ ብትልም የተክለጻድቅ እንግሊዝኛ ከማንበብ የመጣ እንጂ ከመስማት አይደለምና አንዱን ትምህርት ሦስቴ ይሰሙታል። ኔትወርኩ የሚገባው የኢንተርኔት መቀበያዋ ዶንግል መስኮቱ ብረት ላይ ስትታሰር ነው። እሱም ቢሆን መሀል ላይ ይቆምና ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ትቀራለች። ወይዘሮ ማራኪ በዚያ ሲያልፉ "ያቺ ሴትዮህ ዛሬም አልጨረሰችም?" ይላሉ። እሳቸው ግን አንድም ሳምንት አላጎደሉም። የየሳምንቱን ፈተና መቶ ከመቶ ደፈኑት፤ የሚሸመደድ ነገር እጃቸው ከገባ የሚያመልጣቸው ሰው አይደሉም።

የስድስተኛው ሳምንት ሥራ ግን የሚሸመደድ አልነበረም። "ስሙ የትም ያልተጻፈ አንድ ሰው ፈልጉ። የአካባቢያችሁ ታሪክ ሲጻፍ ስለሚነሳ አንድ ክስተት የሚነግራችሁን ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለተናጋሪው አንብቡለት" ይላል። የሚያርሙት በየአገሩ ያሉ ሦስት ተማሪዎች ናቸው፤ ማለፊያው ከመቶ ሰባ።

ተክለጻድቅ ይህን ሲያነቡ ሳቃቸው መጣ። ከአጥራቸው ማዶ ጋሽ ኦይታ አሉ። ኦይታ የጨንቻ ሰው፣ ሸማኔ፣ ሰባ ሦስት ዓመታቸው። እግራቸውን ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ከተው ሲሠሩ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል። ሁለቱ ቤቶች ሃያ ስምንት ዓመት ተጎራብተዋል። ለቅሶ አብረው ተቀምጠዋል፣ ልጅ አብረው ድረዋል። በንጉሡ ዘመን የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር ኦይታ የመንግሥት ዕቃ ተሸክመው ከወረዱት አንዱ መሆናቸውን ተክለጻድቅ ለቅሶ ቤት ሰው ሲያወራ ሰምተዋል። አንድም ቀን ጠይቀዋቸው ግን አያውቁም።

በማግስቱ ጠዋት ደብተር ይዘው ገቡ።

"ጋሽ ኦይታ፣ እንደምን አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ መምህር።"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ዋና ከተማው ከጨንቻ ሲወርድ እርስዎ ነበሩ፤ አይደል? ዕቃ ተሸክመው?"

መወርወሪያው ቆመ። "ነበርኩ።"

"እሱን ቢነግሩኝ። ልጽፈው ነው፤ ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ።"

ኦይታ ድሩን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ። "እሱ ተነግሯል" አሉ። "ለማቴዎስ ነግሬዋለሁ። ከሱ ጠይቅ።"

"ከራስዎ አፍ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።"

"አንዴ ነው የነገርኩት መምህር። ለማቴዎስ ነገርኩ፣ አለቀ።" መወርወሪያው ሥራውን ቀጠለ።

ተክለጻድቅ የእርጅና ግትርነት ነው ብለው ወጡ። ማቴዎስ የኦይታ የበኩር ልጅ፣ የራሳቸውም ተማሪ የነበረ፣ አሁን ጫኖ ላይ ሙዝ የሚያለማ ሰው ነው። ከሲቀላ መናኸሪያ ሚኒባስ ይዘው ሄዱ። ሲደርሱ ቀኑ የማቴዎስ የውኃ ተራ ሆኖ ቆያቸው። የመስኖ ተራ በስምንት ቀን አንዴ ነው የሚደርሰው፤ ውኃው ከመጣ እንግዳ መጣ ተብሎ አይቆምም። ማቴዎስ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አካፋ ይዞ ቦይ ይከፍታል፣ ቦይ ይዘጋል። ተክለጻድቅም በተወለወለ ጫማቸው ከኋላው ከኋላው ይሄዳሉ።

"ቲቸር፣ ዛሬ ከየት ተገኙ?"

የመጡበትን ነገሩት። ማቴዎስ አካፋውን ተደግፎ ቆመና ፈገግ አለ።

"ይህን እኮ ጽፌልዎት ነበር።"

"መቼ?"

"ሰማንያ አምስት ላይ። አሥራ አንደኛ ክፍል። ጥያቄ ስድስት፣ ከአሥር የሚታሰበው። 'ዋና ከተማው ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ እንዴት እንደተዛወረ አብራራ' የሚለው።"

ጥያቄውን ያውቁታል። በየዓመቱ ያወጡት ነበር። መልሱ ሦስት ምክንያት ነው፦ ሜዳ፣ ውኃ፣ መንገድ። ደብተር ላይ አስገልብጠው ያንኑ ሦስቱን መልሰው ይጠይቁ ነበር። አንዱን የረሳ ሦስት ነጥብ ይጎድልበታል።

"ቅዳሜ ዕለት ሦስቱን ምክንያት ጮክ ብዬ ሳጠና አባቴ ሰማኝ" አለ ማቴዎስ፣ ቦዩን እየከፈተ። "ሥራውን አቁሞ 'እንዲህ አይደለም' አለኝ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አውርቶልን አያውቅም። እኔም ሰኞ እንዳለ ጻፍኩት። እስካሁን በቃሌ ነው።"

እየተራመደ ነገራቸው። አባቱና የአባቱ ወንድም የመዝገብ ቤቱን ቁም ሳጥን በሁለት ወፍራም እንጨት አስረው ከጨንቻ ሁለት ቀን ተሸክመው ወረዱ። ቁም ሳጥኑ የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ጸሐፊው ኪስ ውስጥ። ታች ሲደርሱ ቤቱ ገና ቆርቆሮ አልተመታበትም። የመንግሥት ወረቀት ዝናብ እንዳይነካው ተብሎ ወንድማማቾቹ ዳስ ሠርተው ሁለት ሳምንት ሲጠብቁት ሰነበቱ። ደጋ የለመደ ሰውነት ነው፤ ሁለቱንም ወባ ያዛቸው። አባቱ ተረፈ። ወንድሙ አልተረፈም።

"ስሙ ማን ነበር?"

"አላውቅም ቲቸር። ስሙ ጋ ሲደርስ አቆመ። እኔም አልደገምኩበትም።"

ተክለጻድቅ ደብተራቸውን እንደያዙ ቆሙ። "ስንት ሰጠሁህ?" አሉ፣ መልሱን እየፈሩ።

"ዜሮ። በቀይ እስክሪብቶ 'አሳዛኝ ወሬ ነው፤ ታሪክ ግን ማስረጃ ይፈልጋል' ብለው ጻፉበት።"

አላስታወሱትም። ብዙ ሺህ ወረቀት አርመዋል፤ ያንዱ ከየት ትዝ ይላቸዋል? ግን አባባሉ የሳቸው ነው። ቀዩ እስክሪብቶም ዛሬም የደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ የእድር ማስታወቂያ እንኳ ፊደል ሳያርሙ የማያልፉበት። አፈሩ። ሙዝ መሀል፣ ጭቃ በገባበት ጫማ፣ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው አፈሩ።

"ማቴዎስ፣ አጥፍቻለሁ።"

"እኔን አልጎዳኝም። በሌላው ፈተና ሞላሁት፤ ክፍሉን አለፍኩ። የተጎዳው አባቴ ነው እንጂ። ወረቀቱ የተመለሰ ቀን በር ላይ ጠበቀኝ። 'ስንት ሰጠ?' አለኝ። መዋሸት አልቻልኩም። 'ምን ብሎ?' አለኝ። ነገርኩት። እሺ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልወጣውም።"

ከዚያ በኋላ ተክለጻድቅና ኦይታ ሃያ ሦስት ዓመት በየጠዋቱ እንደምን አደሩ ተባብለዋል።

ተክለጻድቅ ማቴዎስ ያለውን ሁሉ ጻፉ። ቦዩ ዳር ተቀምጠው አነበቡለት፤ ማቴዎስ አንድ ቦታ ብቻ አስተካከላቸው፣ ዳሱ ከኮባ ሳይሆን ከሣር ነው የተሠራው ብሎ። ወደ ከተማ ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ሐሳቡ ጥሩ መሰላቸው። አሁኑኑ ሄደው ይቅርታ ከሚሉ፣ ሰርተፍኬቱ ሲመጣ ይዘውት ቢሄዱስ? "ጋሽ ኦይታ፣ እኔ ዜሮ ያልኩትን ይኸው ዓለም ተቀበለው" ብለው ወረቀቱን ቢያሳዩዋቸው? ወይዘሮ ማራኪ ይህን ሲሰሙ ሽንኩርቱን አስቀመጡ።

"ይቅርታ ለማለት ሰርተፍኬት ምን ያደርግልሃል? አጥር ነው የሚለያችሁ።"

"ባዶ እጄን አልሄድም።"

"እሱን ለራስህ ነው የምትፈልገው" አሉ ማራኪ። ተክለጻድቅ ሄደው ላፕቶፑን ከፈቱ። ያሉት እውነት ነበር።

አራት ቀን ሙሉ በእንግሊዝኛ ጻፉት፣ ሰረዙት፣ እንደገና ጻፉት። ላኩት። ውጤቱ በአሥራ ሁለት ቀን ይመጣል ይላል። በነዚያ ቀናት በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። ኦይታ እንደ ወትሯቸው ናቸው። መወርወሪያው ይመላለሳል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስድሳ አራት አገኙ።

አንዱ አራሚ ሰማንያ ስምንት ሰጥቷቸዋል። ሁለተኛዋ ሰባ አራት። ሦስተኛው ሠላሳ ሰጥቶ ከሥሩ አጭር ነገር ጽፏል። ተክለጻድቅ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡት፤ ከእንግሊዝኛው መልሰው በልባቸው ሲሉት ቃል በቃል ራሳቸውን ሰሙ። ታሪኩ አሳዛኝ ነው ይላል። ግን የሟቹ ስም እንኳ የለበትም፣ ሰነድ አልቀረበበትም፤ ታሪክ ማስረጃ ይፈልጋል ይላል።

መጀመሪያ ተናደዱ። ማን ነው ይህ ሰው? የወባ አገር አይቶ ያውቃል? ቁም ሳጥን ተሸክሞ ያውቃል? ለራሳቸው እየተሟገቱ ሳሎኑን ሦስቴ ዞሩት። ከዚያ ማቴዎስ ትዝ አላቸው። እሱ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ የሚሟገትበት ሳሎንም አልነበረውም። ተቀመጡ። ወይዘሮ ማራኪ ከውጭ ገብተው ጃንጥላቸውን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።

ተክለጻድቅ ተነሥተው ወጡ። ጃኬት እንኳ አልደረቡም።

ኦይታ ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው። ተክለጻድቅ የሸማ መሥሪያው ፊት ቆሙ፤ የተቀመጡ ሽማግሌ ፊት ቆሞ መናገር ከበዳቸውና መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

"ጋሽ ኦይታ፣ ከማቴዎስ ሰማሁ። ያኔ ወሬ ነው ብዬ ዜሮ የሰጠሁት የእርስዎን ቃል ነው። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

መወርወሪያው ቆመ። ኦይታ ቀና አሉ።

"የፈረንጆቹ ትምህርት እንዴት ሆነ?"

"ወደቅሁ።"

"በዚሁ?"

"በዚሁ። ወሬ ነው፣ ማስረጃ የለውም አሉኝ።"

ኦይታ አልሳቁም፤ ደስ ያላቸውም አይመስልም። ከጉድጓዱ እግራቸውን አንድ በአንድ አወጡና ከተክለጻድቅ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ተክለጻድቅ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ሥራቸውን በቀን ብርሃን ሲያቋርጡ አይተዋቸው አያውቁም።

"ማስረጃ የምትሉት ምንድን ነው? ወረቀት ነው?"

"አዎ፣ ወረቀት ነው።"

"ስንነሣ ጨንቻ ላይ ጸሐፊው ስማችንን ጻፈ" አሉ ኦይታ። "የወንድሜንም የኔንም። አውራ ጣታችንን ቀለም ነክሮ አስፈረመን። ወረቀቱን እቁም ሳጥኑ ውስጥ ከተተውና ቆለፈ። ማስረጃውን እኮ ተሸክመን ያወረድነው እኛ ነን መምህር። ዝናብ እንዳይመታው ተኝተን የጠበቅነው እኛ ነን።"

"ቁም ሳጥኑ የት ደረሰ?"

"ቆርቆሮው ሲመታ መጥተው አስገቡት። ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ፤ ሌላኛውን ጫፍ የያዘው ዘበኛ ነው። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።"

ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ኦይታ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ጠረጉ።

"ወረቀት ይዘሃል?"

ተክለጻድቅ ሸሚዛቸውን ዳበሱ። የዶንግሏ ካርድ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት አገኙ፤ ጀርባው ንጹሕ ነው። እስክሪብቶ ሲፈልጉ ከኪሳቸው የወጣው ቀዩ ብቻ ነበር። መልሰው ሊከቱት ሲሉ ኦይታ አዩት።

"ይጽፋል?"

"ይጽፋል።"

"እንግዲያው ጻፍ" አሉ ኦይታ። "ጉታ ይባላል። ታላቄ ነው።"