ባላምባራስ ወዳጆ በቁማቸው ያስገጠሙት ሙሾ

ቅጣው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ወደ ሞላሌ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ጊታርና አንድ ትዕቢት ነበር። ጊታሩን ከአንድ አርመን ገዛሁት ይላል፤ ትዕቢቱን ግን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት እንደወጣ እኔ አብሮ አደጉ እመሰክራለሁ። የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ግባ ቢሉት "በሰው ከበሮ አልመራም" ብሎ ጥሎ የመጣ ሰው ነው። ዜማውን ራሱ ይደርሳል። ፉከራ በሉት፣ የሠርግ ዘፈን በሉት፣ ቫልስ በሉት፣ ቻቻ በሉት፣ የማይነካው ነገር የለም። አንዳንዴ ሁሉንም ባንድ ዘፈን ውስጥ ይከታቸውና ጨጓራዬን ይልጠው ነበር።

ችግሩ ደብሪቱን መውደዱ ነው። አባቷ ባላምባራስ ወዳጆ ወንድ ልጅ ያልወለዱ፣ ከመቆጣታቸው በፊት ከዘራ የሚያነሱ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ አዝማሪ ሠርግህን ያደምቅልሃል እንጂ ልጅህን አትድርለትም። ሽማግሌ ሆነን ስንሄድ ባላምባራስ ቅጣውን ከነጊታሩ አስጠርተው ጊታሩን እንደ ሙክት ዳሰሱት።

"ይህ ዕቃ በገና ነው ክራር?"

"ጊታር ነው ባላምባራስ" አለ ቅጣው።

"ሦስተኛ ነገር አልጠየቅሁም። በገና የዳዊት ነው፤ አሥር አውታር አለው፣ በጾምም ይደረደራል። ክራር የአዝማሪ ነው።" ጎንበስ ብለው ቆጠሩ። "ስድስት። ክራር ነው። ልጄን ለአዝማሪ አልሰጥም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ሴት ይፈልግ ነበር። ቅጣው ከበግ አንጀት አራት አውታር ፈትሎ ጊታሩ ላይ ጨመረ። "ተው፣ አንገቱ ቀጭን ነው" አልኩት። "አንተ ስለ ሙዚቃ ምን ታውቃለህ?" አለኝ። ተናድጄ ጥዬው ወጣሁ።

በሁዳዴ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባላምባራስ ቤት ገባን። ቆጠሩ፤ አሥር ሆነ። ፊታቸው ፈታ አለ። ቅጣው መዝሙር ጀመረ፤ ደብሪቱም ከጓዳ ብቅ አለች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ የጊታሩ አንገት ቋ ብሎ ተሰበረ፤ አንዱ ጅማት ተፈናጥሮ የባላምባራስን አፍንጫ ገረፈው።

እኔ ቶሎ በሩን አየሁ። ቅጣው ግን አፍንጫውንም ደብሪቱንም ረስቶ፣ ስባሪውን አቅፎ ሙሾ አወረደ፦

ስድስት ለበቃህ አሥር የጫንኩብህ፣
ወንድሜ ጊታሬ እኔ ነኝ ገዳይህ።

እንጨት መሆኑን እያወቅን ሁላችንም አለቀስን። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ባላምባራስ ባንድ እጃቸው አፍንጫቸውን፣ በሌላው ዓይናቸውን ያዙ።

"ለእንጨት እንዲህ ካለቀስክ ለእኔማ እንዴት ልትሆን ነው" አሉ። "ወንድ ልጅ የለኝም። ስሞት ማን በሙሾ ያነሳኛል እያልኩ ነው የማድረው። ደብሪቱን ውሰድ። ግን ሙሾዬን አሁን በቁሜ ገጥመህ ታሰማኛለህ። ከሞትኩ በኋላ ማረም አልችልም።"

ጊታሩ አንገቱ በጠፍር ተጠፍሮ ወደ ስድስት አውታሩ ተመለሰ፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ቅጣው እፎይ አላለም። ባላምባራስ በየሰንበቱ ጋቢ ደርበው ደጃፍ ላይ ይቀመጡና የገዛ ሙሾአቸውን ያዳምጣሉ። መንደሩም ይሰበሰባል።

"ጓሳ ላይ የገደልኩት ነብር ነው በል።"

"ጅብ ነው ያሉኝ እርስዎ።"

"ማን ነው የሚሞተው? እኔ ነኝ አንተ?"

"እሺ፣ ነብር።"

"የበቅሎዬ አረማመድ ላይ ደግሞ ያቺን የፈረንጅ ነገር ጨምርባት።"

በቅሎዋ ቫልስ ተደረገላት። ፉከራው መሃል ቻቻ ገባ። ሙሾው በየዓመቱ ሲረዝም ባላምባራስ በየዓመቱ ወፈሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ቀን እንኳ "ልጄ" ብለውት አያውቁም፤ "ያ አዝማሪ መጣ?" ነው የሚሉት። አንዴ ጠላ ቤት ቁጭ ብለን "ምን ባደርግ ነው ልጅ የምሆናቸው?" ብሎ እንባው መጣ። በጣም አዘንኩለት።

በስልሳ አንድ ግንቦት ባላምባራስ አረፉ። ለቅሶው ሜዳ ላይ አገር ወጣ፤ ሁሉም የሚጠብቀው ቅጣውን ነው። ጊታሩን ይዞ መሃል ቆመና አፉን ከፈተ። ድምፁ እምቢ አለው። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ።

ታዲያ በየሰንበቱ ሲሰማው የኖረ መንደር ያን ሙሾ ሊያጣው ነው? የባላምባራስ እህት እትዬ ጌታነሽ ጀመረችው፤ ሕዝቡ ተቀበላት። ነብሩንም ሳይቀር አነሱት። በቅሎዋ ጋ ሲደርሱ ለቀስተኛው በሙሉ በቫልስ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ የቄሶቹም ትከሻ እንደ መነቅነቅ አለ። እኔ በእንባና በሳቅ መሃል ትን ብሎኝ ልሞት ነበር።

ሙሾው ሲያልቅ አንዱ ከኋላ "አዝማሪው ምን ነካው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ?" አለ።

እትዬ ጌታነሽ ዞር ብላ ገላመጠችው። "አዝማሪማ በማንም ሞት ይዘፍናል" አለች። ከዚያ ቅጣውን ክንዱን ይዛ አነሳችው። "ና ልጄ፣ ከቤተ ዘመዱ ጋር ቁም።"

ደብሪቱ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።