ሞታለች የተባለችው ሞተር

ሐሙስ ጠዋት ፍሌሚንግ ሻንጣውን ተሸክሞ በግቢው በር ብቅ ሲል ዱርሱን ሰላም አላለውም። መጀመሪያ ጎንበስ አለና የሞተሯን ቁልፍ ካልሲው ውስጥ ወሸቀ። ክንዱን ዘርግቶ፣ ሁለቱንም ጉንጩን ስሞ፣ «እንኳን ደህና መጣህ!» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዳው ትናንት ጠዋት ተሰናብቶ የሄደ ሰው ነው። ለምን እንደተመለሰ ዱርሱን ጠርጥሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሌሚንግ ጡረታ የወጣ ዴንማርካዊ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከአገሩ በሞተር ብስክሌት ተነሥቶ ቱርክ ውስጥ ቺልዲር ሐይቅ ድረስ መጣ፤ ዝናብ ሲይዘው ዱርሱን ቤት ገባ፤ አንድ ሌሊት ብሎ አምስት ሌሊት አደረ። የዱርሱን ሚስት ጉሉዛር ሁለት ዝይ አረደችለት። ማክሰኞ ሊሄድ ሲነሣ ሞተሯ እምቢ አለች። ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ ድምጿ ጠፋ። ቅዳሜ ደግሞ የአንድያ ልጁ ሠርግ ነው። ዐርብ ጠዋት ከድንበሩ ማዶ፣ ከጆርጂያዋ ትቢሊሲ፣ አውሮፕላን ካልተሳፈረ ሙሽራዋ ያለ አባት ልትዳር ነው። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ቁልፉን በሁለት እጁ ለዱርሱን ሰጠውና፣ «ሞታለች፤ ለብረት ትሁንህ» ብሎ በሚኒባስ ወደ ድንበር ሄደ።

በዚያ መንደር ከእንግዳ ስጦታ መቀበል ነውር ነው። ዱርሱን አንድ ጊዜ እንግዳ ረስቶት የሄደውን ማበጠሪያ ለመመለስ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ ተጉዟል። ግን የሞተ ብረት ስጦታ ነው እንዴ? የእንግዳን ሸክም ማቅለል እንጂ! እንዲህ ብሎ ራሱን አሳምኖ ተቀበለ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሚኒባሱ ድልድዩን ሳይሻገር የጉሉዛር ወንድም ያሻር፣ የመንደሩ ትራክተር ጠጋኝ፣ መፍቻውን ይዞ ከች አለ። በሩን ዘግቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲቀጠቅጥ ቆየና ሞተሯ ድንገት አጓራች። «ልቧን ከፍቼ ነው ያዳንኳት!» እያለ ሻይ ቤቱን አዳረሰ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ከእጅ ጋሪ በቀር ጎማ ያለው ነገር ኖሮት የማያውቀው ዱርሱን ያን ዕለት መንደሩን ሦስት ጊዜ ዞረ። ዝይዎቹ ሐይቁ ድረስ ሸሹ። ማታ ቡዳ እንዳይበላት ሰማያዊ ዶቃ መሪዋ ላይ አሰረላት፤ ጉሉዛር ለሠርጓ ያመጣችውን ጥልፍ አልጋ ልብስም ከላይ አለበሳት።

«ሰውዬ» አለችው ጉሉዛር፣ «በሠላሳ ዓመት ውስጥ እኔን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርገህ ሸፍነኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺ ብርድ አትፈሪም» አላት።

እና አሁን እንግዳው ተመለሰ። የፈሩት ይደርሳል። ሞተሯ መነሣቷን ሰምቷል ማለት ነው፤ ያሻር የያዘው ወሬ ድንበር ድረስ ቢሰማ ምን ይገርማል? ዱርሱን አማቹን ወደ ጥግ ሳበና በጆሮው፣ «ትሠራለች የምትል ቃል ካፍህ ብትወጣ ዓይንህን አላይም» አለው።

መምህርት ኔስሊሃን ለማስተርጎም ተጠርታ መጣች። በመንደሩ እንግሊዝኛ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ትዕግሥቷ ግን አጭር ነው። ሻይ ተቀዳ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ሻይ ግን ጭራሽ ይቀብረዋል። ፍሌሚንግ ስለ ዝይዎቹ ጤና ጠየቀ። ዱርሱን ዴንማርክ ዘንቦ እንደሆነ ጠየቀ። ፍሌሚንግ ስለ አይቡ ጠየቀ። አምስተኛው ብርጭቆ ላይ እንግዳው በመስኮት ጥልፉንና ዶቃውን አየና ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ዱርሱን ደግሞ የእሱን መቅላት አይቶ ላብ አጠመቀው።

«አሁንስ በቃኝ!» አለች ኔስሊሃን። «ሁለት ሰዓት ሙሉ የዝይ ወሬ ሳስተረጉም! ይኼ ሰውዬ ልጁን ሊድር እየሄደ አልነበር? ለምን እንደተመለሰ የሚጠይቀው ይጥፋ?»

ራሷ ጠየቀችው። ፍሌሚንግ ፓስፖርቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«ስትገባ ሞተሯ ከፓስፖርቱ ጋር ተመዝግባለች» አለች ኔስሊሃን እያዳመጠች። «በሞተር የገባ ያለ ሞተር አይወጣም ብለው መለሱት። ወይ ይዟት ይወጣል፣ ወይ ድንበሩ ላይ ላለው የጉምሩክ መጋዘን ያስረክባታል። ዛሬውኑ፣ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት። ‹ሰጥቶ ከመንሳት ሞት ይሻለኛል› ይላል። አጎቴ፣ ሰውየው ሊያለቅስ ነው።»

ዱርሱን መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር፤ ለካ አልሰማም! ቀጥሎ ሐዘን መጣ፤ ሞተሯ ልትሄድ ነው። ከሁለቱም የባሰው ግን ፍርሃቱ ነው። ሞተሯ ደህና መሆኗን እንግዳው ካወቀ፣ ዱርሱን ማለት በደግነት ስም የእንግዳ ንብረት የበላ አጭበርባሪ ሆኖ ሊቀር ነው።

«ምን ችግር አለው!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የሞተች ሞተር አይደለች? በያሻር ትራክተር ጭነን እናደርሳታለን።»

ያሻር አፉን ሊከፍት ሲል ዱርሱን እግሩን ረገጠው።

ጫኗት። ዱርሱን እያነከሰ ተጎታቹ ላይ ወጣ።

«እግርዎን ምን ነካዎት?» አለች ኔስሊሃን።

«ሪህ ነው» አለ። ቁልፉ ቁርጭምጭሚቱን እየወጋው ነበር።

ድንበሩ በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የያሻር ትራክተር ግን የራሱ ጠባይ አለው። የአይብ ፋብሪካውን አልፈው ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ያሻር ሥሩ ገብቶ ጥቂት ከተሳደበ በኋላ፣ «ነገ ይነሣል» የሚል ድምፅ ከታች ተሰማ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። መንገዱ ጭር ብሏል። ፍሌሚንግ ማንንም አልወቀሰም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን አወጣና የልጁን ፎቶግራፍ ማየት ጀመረ። ዱርሱንን የገደለው ይኼ ነው። ሦስት ሴት ልጆች ድሯል። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ ዘወር ብላ የምትፈልገው ማንን እንደሆነ ያውቃል። ቁልፉ ካልሲው ውስጥ እሳት ሆነበት።

መሬት ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውን አወለቀ፤ ቁልፉን አወጣ።

«መምህርት፣ ንገሪው» አለ ቁልፉን ወደ ፍሌሚንግ ዘርግቶ። «ሞተሯ ትሠራለች። አንተ የሄድህ ዕለት ነው የተነሣችው በይው። እያወቅሁ ደበቅሁ። እንግዳዬን ዋሸሁ። ይኼ የሽማግሌ ፂም ለእኔ አይገባም በይው።»

ኔስሊሃን ነገረችው። ፍሌሚንግ ቁልፉን አየ፤ ካልሲውን አየ፤ እስከ ጆሮው ጫፍ ቀላ። የሆነ ነገር አጉተመተመ። ኔስሊሃን ዓይኗን አፍጥጣ አየችው።

«ምን አለ? ረገመኝ?»

«‹አውቃለሁ› ነው የሚለው» አለች ቀስ ብላ። «‹ሽቦዋን የነቀልኩት እኔ ነኝ› ይላል። እርስዎ በየማታው ፋኖስ ይዘው ወጥተው ሲያዩዋት አይቷል። ከጠዋት ጀምሮ አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር ሲል እፍረቱ ይዞት ነው። ‹ትሠራለች ብዬ ብሰጥህ ትቀበለኝ ነበር?› ብለሽ ጠይቂልኝ ይላል።»

ዱርሱን አሰበ። አንድ እግሩ ባዶውን ነው፤ ነፋሱ ጣቶቹን ያቀዘቅዛል።

«ወላሂ አልቀበልም ነበር» አለ።

ኔስሊሃን ፊቷን ወደ ትራክተሩ ሥር አዞረች። «አጎቴ ያሻር፣ አንድ ሽቦ ኖሯል እንዴ? ልቧን የከፈቱት በየት በኩል ነው?»

ያሻር ከሥር ራሱን ብቻ ብቅ አደረገ። «ሽቦውም ልቧ አጠገብ ነው» አለ።

«ከአራታችሁ እውነቱን የተናገረው ትራክተሩ ብቻ ነው!» አለችና ሳቅ አፈናት። ፍሌሚንግም ሳቀ። ዱርሱን ደግሞ ካልሲውን እንደያዘ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደለት።

ሞተሯን አወረዷት፤ ገና ቁልፉ ሲዞር ተነሣች። ፍሌሚንግ ትርፉን ሄልሜት ዱርሱን ራስ ላይ ደፋለት። ጡረተኛው አርጅቷል ያለው ማነው? ጠመዝማዛውን ሲታጠፍ ዱርሱን የእንግዳውን ወገብ ጨምቆ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረሰ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ፍጠን!» እያለ ትከሻውን ይመታው ጀመር።

ዐሥራ አንድ ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ልክ በመጋዘኑ ጸሐፊ መስኮት ሥር እያጓሩ ደረሱ። ጸሐፊው ቅጹን ዘረጋና በሁለት ቋንቋ ጠየቀ፤ «ትሠራለች ወይስ አትሠራም?»

«አትሠራም» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፣ በየቋንቋቸው። ልማድ ክፉ ነው።

ጸሐፊው በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «ታዲያ በጸሎት ነው የመጣችው?»

«በከፊል» አለ ዱርሱን።

ጸሐፊው ‹ትሠራለች› ብሎ ጻፈ። ከዚያ ብዕሩ እጁ ላይ ቆመ። የምትሠራ ከሆነ ለምን ይዟት እንደማይሻገር ፍሌሚንግን ጠየቀው። ዱርሱንም ይኼ እስካሁን እንዴት እንዳልታየው ገረመው። ፍሌሚንግ በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጎ መለሰ። ጸሐፊው ዱርሱንን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«‹ማዶ የምተውለት ሰው የለኝም› ይላል። ‹እዚህ ካስቀመጥኳት ግን ለመውሰድ መመለሴ ግድ ነው› ይላል። አንተ ምኑ ነህ?»

 ዱርሱን ወጥቶ ዶቃውን ከመሪዋ ፈታ፤ በመርፌ ቁልፍ የእንግዳው ጃኬት ላይ ሰካለት። ተሳሳሙ። ፍሌሚንግ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ተመቶለት፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በእግሩ ድንበሩን ተሻገረ።

ዱርሱን በአይብ ጫኝ መኪና ተሳፍሮ ሲመጣ ሄልሜቱን አላወለቀም። እራት ላይም አላወለቀም።

«ሾርባውን በየት ልታስገባው ነው?» አለችው ጉሉዛር።

«የሞተር ሰው ነኝ» አላት፤ የሄልሜቱን መስታወት ከፍ አድርጎ ጠጣ።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ኔስሊሃን ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። ፎቶግራፍ ነው። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳለች፤ ፍሌሚንግ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ክንዷን ይዟል። ሰማያዊው ዶቃ ደረቱ ላይ ነው። ዱርሱን ስልኩን ወደ ፊቱ አቀረበው፣ አራቀው፤ ደግሞ አቀረበው።

«ምን ብዬ ልጻፍለት?» አለች።

«በሚመጣው ዓመት ስትመጣ ሽቦ እንዳትነቅል በይው።»

«አጎቴ፣ እኮ ሕጉ ሞተሯን ለእርስዎ እንዲሰጥ አይፈቅድለትም።»

«ሕጉን ማን ጠየቀው? አንቺ ብቻ ጻፊ። ሽቦውን አይንቀል። ብትሠራም እቀበላለሁ።»