የሳሙና ክብ

እትዬ መርፌ ስለ ልጃቸው ባል ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ከንፈራቸውን በአንድ በኩል ሳብ ያደርጉና «የኛ ብሎገር» ይላሉ፤ በቃ።

ብሎገሩ ቀን ቀን መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። በትርፍ ሰዓቱ ግን መምህር ነው። የብሎጉ ጉዳይ ፈጠራ ሆኖ፣ ሐሳብ ሲደርቅ ከወዴት እንደሚቀዳ ለሰው ያስተምራል። እሱስ ምን ፈጠረ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ያንኑ ብሎግ ፈጥሯል። አሥራ አንድ አንባቢዎች አሉት፤ ከነሱ አንዷ ሚስቱ ናት፣ እሷም ላይክ የምታደርገው ሳታነብ ነው።

ታዲያ አንድ ሰሞን የመምህሩ ምንጭ ነጠፈ። ሰባት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር አልወጣው አለ። መጀመሪያ ጥፋቱን በደብተሩ ላይ አላከከና ባለ ቆዳ ሽፋን ደብተር ገዛ። ቀጥሎ መላው ማለዳ መነሳት ነው ተባለና፣ ቤተሰቡን በደወል እየቀሰቀሰ እሱ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ የእግር ጉዞ ተሞከረ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በማሰሮ የተተከለች አንዲት አበባ መጣች፤ እሷም ውሃ የሚያጠጣት አጥታ ደረቀች። በመጨረሻ የጎደለው ነገር ተገኘ፤ ለካ ብርሃን ኖሯል። የፈጠራ ሰው መስኮት ይፈልጋል።

በቤቱ ውስጥ ደህና ብርሃን የሚያስገባው መስኮት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከሥሩ የእትዬ የስፌት መኪና ተቀምጧል። ቤቱም የእሳቸው ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት ሲሰፉ አንድም ልብስ ተበላሽቷል ተብሎ አልተመለሰባቸውም፤ ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ያላቸውም ለዚህ ነው።

ክፍሉን ለመጠየቅ የመጣው ግን ብሎገሩ ራሱ አይደለም፤ ለዚህስ ወኔ የለውም፤ ሚስቱን ላከ። ልጅቷ እናቷ ፊት ቆማ የመጋረጃውን ጫፍ እያጠቀለለች ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ መጻፍ እስኪጀምር እንደሆነ ነገረቻቸው። እትዬ የልጃቸውን ፊት አዩት። እምቢ ቢሉ የማንን ኩርፊያ ተሸክማ እንደምትከርም ያውቃሉ። መኪናውን ራሳቸው እየገፉ ኮሪደር አወጡት።

ኮሪደሩ ያለው አንድ ቢጫ አምፖል ነው። ያን ሳምንት እጃቸው ላይ የነበረው ሥራ ደግሞ የጠበቃ ካባ፣ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር። ጥቁር በጥቁር፣ ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚፈራው ሥራ ነው፤ ከመስኮት ርቆ አይነካም። ያዘዘችው ጠበቃ የራሷን ቀድመው እንዲሰፉላት ጠይቃ፣ የአምስት ባልደረቦቿን ጨርቅም አብራ ትታላቸው ሄዳለች።

እትዬ አምፖሉ ሥር አፍጥጠው ሰፉ። ጠዋት ካባውን ደጅ አውጥተው ሲያዩት የግራ ትከሻው ስፌት መሐል ላይ መንገዱን ስቷል። ተናደዱ፤ የተናደዱትም በገዛ ዓይናቸው ነው። ጨርቅ የሚያሰምሩበትን የሳሙና ቁራጭ አንስተው በተጣመመው ዙሪያ ነጭ ክብ አሰመሩ። በሳቸው ቤት የሳሙና ክብ «ይህ ይተርተር» ማለት ነው፤ ልጃቸው ገና ሳትናገር ጀምሮ የምታውቀው ምልክት ነው። ካባውን ኮሪደሩ ላይ ሰቅለው መተርተሪያ ምላጭ ሊገዙ ወጡ።

ብሎገሩ ከመስኮቱ ክፍል ብቅ ያለው ይኼኔ ነው። ቀኑ የእረፍት ቀኑ ነበር። መስኮቱን ከወሰደ ስምንት ቀን ሆኖታል፤ በስምንቱም ቀን የጻፈው የራሱን ስም ነው። ካባውን አየ፣ ክቡን አየ፣ ስልኩን አወጣ።

ምሳ ላይ፣ በብሎጉ የለጠፈውን አዲስ ጽሑፍ ለቤተሰቡ አነበበላቸው። ርዕሱ «ስህተትን የሚያከብሩ እጆች» ይላል። አሮጊቷ ልብስ ሰፊ እናቱ፣ አዎ፣ እናቴ ነው ያለው፣ መስመር ሲጣመምባቸው እንደማያፍሩ፣ እንዲያውም በነጭ ክብ አጅበው ለዓለም እንደሚያሳዩት፣ እውነተኛ ፈጠራም ከዚህ ነፃነት እንደሚወለድ ይተርካል። ፎቶው ላይ የተጣመመው ስፌት ፍንትው ብሎ ይታያል። ከጎኑ የጠበቃዋ ስም የተጠለፈበት አንገትጌ አለ።

እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ስፌቱን ገና ከምሳ በፊት እንደተረተሩት፣ ክቡም የጥፋት ምልክት እንደሆነ በግልጽ ነገሩት። ብሎገሩ ትንሽ አሰበና ይህም ቢሆን ደስ የሚል ሐሳብ እንደሆነ፣ ከፈለጉ ግርጌው ላይ ሊጨምረው እንደሚችል መለሰላቸው።

ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ አሥራ አንዱ አንባቢ አራት መቶ ሆነ። ሰው «እንባዬ መጣ» እያለ ጻፈለት። ብሎገሩን መሬት አልበቃው አለች። ጽሑፉን ከነፎቶው አሳትሞ፣ መስታወት ባለው ክፈፍ አስገብቶ ከጠረጴዛው በላይ ሰቀለው። ሚስቱን ጠርቶ ቀና መሆኑን እንድታይለት አደረገ።

በሦስተኛው ቀን ጠበቃዋ መጣች። ካባው በቀን ብርሃን ደጃፍ ላይ እንደገና ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ይጠብቃት ነበር። ወደ በሩ ወስዳ የትከሻውን ስፌት በጥፍሯ ተከተለችው፤ እንከን አጣችበት። ለብሳው አመሰገነች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ስልኳን አሳየቻቸው።

«እኔ አውቅዎታለሁ እትዬ» አለች። «ቢሮ ያሉት ግን ፎቶውን እየተቀባበሉ ሳቁብኝ። ጨርቃችንን መልሺልን ብለውኛል።»

እትዬ አልተከራከሩም። አምስቱን ጨርቅ አንድ በአንድ አጥፈው፣ በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። ከደጃቸው ያልተሰፋ ጨርቅ ተመልሶ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቅስማቸው ተሰበረ። እንባ ግን አልመጣም፤ ንዴቱ ቀደመው።

ብሎገሩ ከሥራ ሲመለስ ተከትለውት ወደ መስኮቱ ክፍል ገቡ፤ ከወሰደባቸው ወዲህ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ልጃቸውም ከኋላቸው መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እትዬ የሆነውን ሁሉ ነገሩትና ጽሑፉን እንዲያወርደው ጠየቁት።

እሱም በትዕግሥት አስረዳቸው። ጽሑፉ አድናቆት መሆኑን፣ ኮሜንት ገና እየገባ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜ አንዴ እንደሚገኝ፣ ጨርቅ ግን ሌላ ሰው እንደሚያመጣ ነገራቸው። ሳምንት ይቆይና ከዚያ ቢነጋገሩበትስ?

«እኔ ስሳሳት እተረትረዋለሁ» አሉት እትዬ። «አንተ ትለጥፈዋለህ።»

ብሎገሩ ቀና ብሎ አያቸው። ዓይኑ ፈዘዝ ብሎ ቀረ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባውም መሰለ። ከዚያ ባለ ቆዳ ደብተሩን ከፈተና የተናገሩትን ጻፈው።

ልጅቷ ይህን አየች። እናቷ ወጥተው ሲሄዱ፣ እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ ባሏ ቃሉን እንዳይረሳው እየተጣደፈ ሲጽፍ እስከ መጨረሻው ተመለከተችው።

በማግስቱ ብሎገሩ ሥራ ውሎ ሲመለስ፣ የተሰቀለው ክፈፍ መስታወት ላይ ትልቅ ነጭ ክብ ተሰምሮ አገኘ። ፎቶውንም፣ ርዕሱንም፣ ከሥር ያለውን የራሱን ስምም ጠቅልሎ ይዟል። ምን ማለት እንደሆነ አሁን ያውቃል። ሚስቱ መጋረጃው አጠገብ ቆማ ነበር፤ ጣቶቿ ላይ የሳሙና ዱቄት አለ።

ክፈፉን ረጅም ጊዜ አየው። ቀስ ብሎም እጁን ኪሱ ከተተና ስልኩን አወጣ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ጎንበስ አለ።

«መጋረጃውን ትንሽ ሳብ አድርገሽ ዝጊልኝ» አላት። «መስታወቱ እያንጸባረቀብኝ ነው።»

ሚስቱ መጋረጃውን ያዘች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ገለጠችው፣ ብርሃኑ ክፍሉን ሞላው።

«መጀመሪያ ጽሑፉን አውርድ» አለችው። «ከዚያ ጠረጴዛህን አንሳ፤ የእማዬ መኪና እየገባ ነው።»